የእንግሊዝኛ ግስ መቼ መስተዋድድ ይፈልጋል? መቼስ አይፈልግም?

እስቲ ከተራ ወሬ እንነሳ። አንድ የደሴ ልጅ ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፈ ያወራል እንበል፦ «ኮምቦልቻ ደረስን። ወደ አንድ ካፌ ገባን። ስለ ሥራው ተወያየን። ከዚያ ጓደኛችንን ጠበቅነው።» ልጁ ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲወስደው እንዲህ ይላል፦ «ዊ አራይቭድ ኮምቦልቻ። ዊ ኤንተርድ ቱ አ ካፌ። ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ዎርክ። ዊ ዌይትድ አወር ፍሬንድ።»

አራት ዓረፍተ ነገር፣ አራት ስህተት። ግሶቹ ትክክል ናቸው። ጊዜውም ትክክል ነው። የተበላሸው መስተዋድዱ (ፕሪፖዚሽኑ፣ እንደ «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ኢን» ያለችው ትንሽ ቃል) ብቻ ነው። ሁለቱ ላይ የማያስፈልግ ተጨምሯል፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ የሚያስፈልግ ጎድሏል። ትክክሉ ይህ ነው፦ «ዊ አራይቭድ ኢን ኮምቦልቻ። ዊ ኤንተርድ አ ካፌ። ዊ ዲስከስድ ዘ ዎርክ። ዊ ዌይትድ ፎር አወር ፍሬንድ።»

ልጆቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ግሶቹን በደንብ ያውቋቸዋል። ከግሱ ጋር የምትሄደዋን ትንሽ ቃል ግን ቁጭ አድርጎ የሚያሳያቸው ብዙ ጊዜ የለም። ጎበዝ ተማሪ በ«ቱ» እና በ«አባውት» ነጥብ ሲጥል ማየት ያንገበግባል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ለፈተና ለሚዘጋጅም፣ የሥራ ማመልከቻ ለሚጽፍም፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከውጭ ሰው ጋር ለሚሠራም ይሆናል።

እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል እየገለበጣችሁ ተከተሉኝ። እግረ መንገዳችሁን የቃላቱን አጻጻፍም ትለማመዳላችሁ።

ደረጃ 1፦ አማርኛው የት እንደሚያሳስት እወቁ

በአማርኛ መስተዋድድ ከስም ጋር ይሄዳል፦ በደሴ፣ ለእናቴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ስለ ፈተናው፣ ወደ መናኸሪያ። ሌላም መንገድ አለን። ሰውየውን እዚያው ግሱ ላይ እንለጥፈዋለን፦ ነገረኝ፣ ጻፈለት፣ ሳቀበት። ተሳቢውን (ድርጊቱ የሚያርፍበትን) ደግሞ በ«ን» እናሳያለን፦ ሬዲዮውን አዳመጥኩ።

እንግሊዝኛ «ን» የለውም። ግሱ ወይ ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል፣ ወይ በመሃል መስተዋድድ ይጠይቃል። የቱን እንደሚያደርግ የሚወስነው ትርጉሙ ሳይሆን ራሱ ግሱ ነው። «ዲስከስ» እና «ቶክ አባውት» ትርጉማቸው በጣም ይቀራረባል። አንዱ ባዶውን ይሄዳል፣ ሌላው «አባውት» ይላል። «አዌይት» እና «ዌይት ፎር» ሁለቱም መጠበቅ ናቸው። የመጀመሪያው ምንም አይፈልግም፣ ሁለተኛው ያለ «ፎር» አይቆምም። ስለዚህ «በአማርኛ ስለ አለበት፣ አባውት ይገባዋል» የሚለው ሂሳብ አይሠራም።

አማርኛው ግን እንደ ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል። አማርኛው ላይ «ስለ»፣ «ወደ» ወይም «ከ… ጋር» ካያችሁ፣ እንግሊዝኛው ምንም ላይፈልግ ይችላልና ቆም በሉ። «ን» ካያችሁ ወይም ምንም ከሌለ ደግሞ እንግሊዝኛው ሊፈልግ ይችላልና አሁንም ቆም በሉ። ይህ ወደ ማጣራት ይመራችኋል እንጂ መልስ አይሰጣችሁም።

ደረጃ 2፦ ምንም የማይፈልጉትን ለዩ

ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ዲስከስ፣ ኤንተር፣ ሪች፣ ሜሪ፣ ኮንታክት፣ አቴንድ፣ አንሰር፣ አፕሮች፣ ሜንሽን፣ ላክ፣ ሪኩዌስት፣ ኢምፈሳይዝ፣ ሪዘምብል፣ ቴል፣ ኮል። ከእነዚህ በኋላ ተሳቢው በቀጥታ ይመጣል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ውስጥ ከገባችሁ «ዊ ኤንተርድ አይጠየፍ አዳራሽ» ነው። «ኤንተርድ ቱ» አይባልም። ኮምቦልቻ ከደረሳችሁ «ዊ ሪችድ ኮምቦልቻ» ነው፣ «ሪችድ ቱ» አይባልም። እናታችሁ ጋ ከደወላችሁ «አይ ኮልድ ማይ ማዘር» በሉ። ትምህርት ከተከታተላችሁ «አይ አቴንድ ክላስ» በሉ።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ብዙዎቹን የሚያበላሽብን አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስሙ ነው። ግሱ መስተዋድድ ባይፈልግም፣ ከዚያው ቃል የወጣው ስም ይፈልጋል። «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን» ትላላችሁ፣ ግን «ዊ ሀድ አ ዲስከሽን አባውት ዘ ፕላን» ነው። «ሂ አንሰርድ ማይ ኩዌስችን»፣ ግን «አን አንሰር ቱ ማይ ኩዌስችን»። «ዘ ስኩል ላክስ ዎተር»፣ ግን «ላክ ኦፍ ዎተር»። «አይ ኮንታክትድ ዘ ኦፊስ»፣ ግን «ኮንታክት ዊዝ ዘ ኦፊስ»። «ኢምፈሳይዝ ዚስ ፖይንት»፣ ግን «ኢምፈሲስ ኦን ዚስ ፖይንት»። «ቪዚት ላሊበላ»፣ ግን «አ ቪዚት ቱ ላሊበላ»። ተማሪው ሁለቱንም ሰምቷል። የስሙን መስተዋድድ ወስዶ ግሱ ላይ ይሰካዋል። ስህተቱ የሚወለደው በአብዛኛው እዚህ ነው፣ ከአማርኛው ብቻ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ነው የምንለየው? ከቃሉ በፊት ያለውን እዩ። «አ»፣ «አን»፣ «ዘ»፣ «ማይ» ካለ ወይም «ሀድ»፣ «ሜድ»፣ «ጌቭ» ከቀደመው ስም ነው። መስተዋድዱን አምጡ። ባለቤቱ «አይ»፣ «ዊ»፣ «ሺ» ሆኖ ቃሉ ወዲያው ከተከተለ ግን ግስ ነው። ባዶውን ልቀቁት።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ይህ በጣም ይታያል። «እንዲተባበሩን እንጠይቃለን» ለማለት «ዊ ሪኩዌስት ፎር ዮር ኮኦፐሬሽን» ተብሎ ይጻፋል። «ፎር»ን አውጡት፦ «ዊ ሪኩዌስት ዮር ኮኦፐሬሽን»። «ፎር» የሚመጣው «አ ሪኩዌስት ፎር» ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ «ከ… ጋር» ነው። አማርኛ እርስ በእርስ የሚደረግን ነገር «ተ» ጨምሮ ይናገራል፦ ተጋባ፣ ተፋታ፣ ተገናኘ፣ ተመሳሰለ። ሁሉም «ከ… ጋር» ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ከእሱ ጋር ተጋባች» ብሎ ያሰበ ሰው «ሺ ሜሪድ ዊዝ ሂም» ይላል። መድኃኒቱ እዚያው አማርኛው ውስጥ አለ። ወደ ቀላሉ ግስ ተመለሱ፦ አገባችው፣ ፈታችው፣ አገኘችው፣ ትመስለዋለች። እነዚህ «ጋር» አይሹም። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፦ «ሺ ሜሪድ ሂም»፣ «ሺ ዲቮርስድ ሂም»፣ «ሺ ሜት ሂም»፣ «ሺ ሪዘምብልስ ሂም»። ለ«ተስማማ» ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። እሱ «አግሪ ዊዝ» ነው፣ «ዊዝ»ን አትንኩት። «አግብታለች» ለማለት ስትፈልጉ ደግሞ «ሺ ኢዝ ሜሪድ ቱ ሂም» ነው። እዚህ ላይ «ሜሪድ» ቅጽል ሆኗል፣ ስለዚህ «ቱ» ይከተለዋል። «ዊዝ» አሁንም አይገባም።

«ዲስከስ አባውት» በናይጄሪያና በህንድ እንግሊዝኛ በብዛት ይሰማል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ብትሰሙት አይግረማችሁ። ፈተናና መደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን ስህተት ተብሎ ይታረማል።

ደረጃ 3፦ ያለ መስተዋድድ የማይቆሙትን ያዙ

ሊስን ቱ፣ ዌይት ፎር፣ ሉክ አት፣ ዲፔንድ ኦን፣ ቢሎንግ ቱ፣ ኮምፕሌን አባውት፣ ፓርቲሲፔት ኢን፣ ኮንሲስት ኦፍ፣ አፕላይ ፎር፣ ግራጁዌት ፍሮም፣ ሪፕላይ ቱ። እነዚህን ስታጠኑ ግሱን ለብቻው አትጻፉ። «ሊስን» የሚባል ቃል ደብተራችሁ ላይ አይኑር፣ «ሊስንቱ» ብላችሁ እንደ አንድ ቃል ያዙት። አምባሰልና ባቲ ቅኝት እየሰማችሁ ከሆነ «አይ አም ሊስኒንግ ቱ አምባሰል» ነው። ባጃጅ እየጠበቃችሁ ከሆነ «አይ አም ዌይቲንግ ፎር አ ባጃጅ» ነው።

«ደረሰ» ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «አራይቭ» በምንም መንገድ «ቱ» አይወስድም። ለከተማና ለአገር «ኢን» ነው፦ «አራይቭ ኢን ደሴ»። ለአንድ ቦታ «አት» ነው፦ «አራይቭ አት ዘ በስ ስቴሽን»፣ «አራይቭ አት ዘ ኤርፖርት»። ለ«ሆም»፣ ለ«ሂር» እና ለ«ዜር» ምንም የለም፦ «ዊ አራይቭድ ሆም»። «ጎ» ደግሞ «ቱ» ይወስዳል፦ «ጎ ቱ ዘ ማርኬት»። እኛ «ገበያ ሄድኩ» ስለምንል ይቺን «ቱ» ብዙ ሰው ይጥላታል። «ጎ ሆም» ግን ያለ «ቱ» ነው።

አሁን ረጋ ብለን የምናየው ነገር መጣ። «ነገረኝ»፣ «አለኝ»፣ «አስረዳኝ»። አማርኛው ሦስቱንም በአንድ «ኝ» ይጨርሳቸዋል። እንግሊዝኛው ሦስት ቦታ ይበትናቸዋል። «ነገረኝ» «ሂ ቶልድ ሚ» ነው። «ቱ» ካስገባችሁ ተሳስታችኋል። «አለኝ» «ሂ ሴድ ቱ ሚ» ነው። «ቱ» ካወጣችሁ ተሳስታችኋል። «አስረዳኝ» ደግሞ ቅደም ተከተሉንም ይቀይራል። መጀመሪያ ነገሩ፣ ከዚያ «ቱ»፣ በመጨረሻ ሰውየው ይመጣል፦ «ሂ ኤክስፕሌንድ ዘ ሌሰን ቱ ሚ»። «ቲቸር፣ ኤክስፕሌን ሚ ዚስ» ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ይሰማል! ትክክሉ «ኤክስፕሌን ዚስ ቱ ሚ» ነው።

ሌሎች ግሶችንም ከእነዚህ ጎን መመደብ ትችላላችሁ። እንደ «ቴል» የሚሄዱት ጊቭ፣ ሾው፣ ሴንድ፣ ቲች ናቸው፦ «ሺ ሾውድ ሚ ዘ ሌተር»። ነገሩን ካስቀደማችሁ ግን «ቱ» ይመለሳል፦ «ሺ ሾውድ ዘ ሌተር ቱ ሚ»። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እንደ «ኤክስፕሌን» የሚሄዱት ዲስክራይብ፣ ሰጀስት፣ ኢንትሮድዩስ፣ አናውንስ ናቸው። እነዚህ ሰውየውን በቀጥታ አይቀበሉም። «ሰጀስት ሚ አ ሆቴል» ሳይሆን «ሰጀስት አ ሆቴል ቱ ሚ» ወይም «ሬኮሜንድ አ ሆቴል ቱ ሚ» በሉ።

«በት» ላይ ትንሽ ዕድል አለን። ሳቀበት «ላፍድ አት ሂም» ነው። ጮኸበት «ሻውትድ አት ሂም» ነው። «አት» ብዙ ጊዜ ያወጣችኋል። «ለት» ግን አይታመንም። ጻፈለት «ሮት ቱ ሂም» ነው፣ ደወለለት ባዶ ነው፣ አጨበጨበለት «ክላፕድ ፎር ሂም» ወይም ባዶውን «አፕሎድድ ሂም» ነው። አሜሪካኖች «ሮት ሂም» ማለታቸውም አለ። እንግሊዞች «ቱ»ን ይጠብቃሉ። እናንተ «ቱ»ን ብታስገቡ ሁለቱም ዘንድ ያልፋል።

ደረጃ 4፦ ሁለቱንም የሚሆኑትን በትርጉም ለዩ

አንዳንድ ግስ መስተዋድድ ሲጨመርለት ሌላ ነገር ይሆናል። ለእኛ ከተማ ሰው ዋናው «ሊቭ» (ለቆ መሄድ) ነው። «ዘ በስ ሌፍት ደሴ» አውቶቡሱ ከደሴ ወጣ ማለት ነው። «ዘ በስ ሌፍት ፎር ደሴ» ወደ ደሴ ጉዞ ጀመረ ማለት ነው። አንዲት «ፎር» መንገዱን ገለበጠችው። «ዊ ሌፍት ደሴ ፎር ኮምቦልቻ» ካላችሁ ሁለቱም አለ፦ ከደሴ ተነስተን ወደ ኮምቦልቻ። «ከ» ስላለን ብቻ «ፍሮም» አንጨምር።

«ሉክ» ያለ መስተዋድድ ተሳቢ አይዝም፣ ከያዘ በኋላም ትርጉሙ እንደ መስተዋድዱ ነው። «ሉክ አት» ማየት ነው፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው። «አስክ ሂም» እሱን ጠይቀው ነው፣ «አስክ ፎር መኒ» ገንዘብ እንዲሰጥህ ጠይቅ ነው። «ሰርች ዘ ባግ» ቦርሳውን መፈተሽ ነው፣ «ሰርች ፎር ዘ ባግ» የጠፋውን ቦርሳ መፈለግ ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ ሲኖር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ፔይ ዘ ቢል» ሒሳቡን ክፈል ነው፣ «ፔይ ፎር ዘ ቲ» ለሻዩ ክፈል ነው። «ፔይ ዘ ቲ» አይባልም፣ ሻይ ገንዘብ አይቀበልም። «ቢሊቭ ሂም» ያለውን እመነው ነው፣ «ቢሊቭ ኢን ሂም» በእሱ ላይ እምነት ይኑርህ ነው። «ኤንተር» ራሱ አንድ ቦታ ላይ «ኢንቱ» ይቀበላል፦ ውል ሲሆን። «ኤንተር ኢንቱ አን አግሪመንት»። በር ሲሆን አይቀበልም።

ደረጃ 5፦ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አጥኑ

ለማስታወስ እኔ የምመክረው መንገድ ይህ ነው። ባዶውን የሚሄደውን ግስ፣ ትርጉሙ ከሚቀራረበውና መስተዋድድ ካለው ጋር አንድ መስመር ላይ ጻፉ። ዲስከስ፣ ቶክ አባውት። ኤንተር፣ ጎ ኢንቱ። ሪች፣ አራይቭ ኢን። አንሰር፣ ሪፕላይ ቱ። ሪኩዌስት፣ አስክ ፎር። ሲክ፣ ሉክ ፎር። አቴንድ፣ ጎ ቱ። ሜንሽን፣ ሪፈር ቱ። ኦፖዝ፣ ኦብጀክት ቱ። አዌይት፣ ዌይት ፎር። ከዚያ አንድ ነገር መርጣችሁ በሁለቱም ተናገሩት። «ዊ ዲስከስድ ዘ ሬንት። ዊ ቶክድ አባውት ዘ ሬንት።» ጮክ ብላችሁ። አፍ ከለመደው ጆሮ «ዲስከስ አባውት»ን ሲሰማ ራሱ ይጎረብጠዋል።

ባዶውን የሚሄዱት ብዙዎቹ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጡ ናቸው። «አፕሮች» የሚለው ቃል መነሻው ላይ «ወደ» የሚል የላቲን ቁራጭ በውስጡ ይዟል። ይህን ማወቅ ለአንዳንዱ ይረዳል። ግን ሕግ አታድርጉት፤ «ዲፔንድ»፣ «ፓርቲሲፔት» እና «ኮንሲስት»ም ከላቲን መጥተው መስተዋድድ ይፈልጋሉ።

ደረጃ 6፦ ዓረፍተ ነገሩ ሲለወጥ መስተዋድዱን ተከተሉት

ጥያቄ ስትጠይቁ መስተዋድዱ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ይቆማል፦ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?»፣ «ዋት አር ዩ ሉኪንግ አት?»። አማርኛው «ማንን ትጠብቃለህ?» ስለሆነ «ፎር» ትረሳለች። «አ ሃውስ ቱ ሊቭ ኢን» (የሚኖሩበት ቤት)፣ «አ ፔን ቱ ራይት ዊዝ» ላይም እንዲሁ ነው።

ከመስተዋድድ በኋላ ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርለታል። ደሴ ካፌ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» ያላለ የለም። ያ በእንግሊዝኛ «ሂ ኢንሲስትድ ኦን ፔይንግ» ነው። «ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ» ላይም ያው ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» ላይ ያለችው «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነች «ቱ ሚት» አትበሉ። ደብዳቤ መዝጊያ ላይ ተጠንቀቁላት።

«ዛት» ሲመጣ ግን መስተዋድዱ ይወጣል። «ሂ ኢንሲስትድ ዛት ሂ ዉድ ፔይ»፣ «ሺ ኮምፕሌንድ ዛት ዘ ሩም ዎዝ ኮልድ»። «ኮምፕሌን አባውት ዛት ዘ ሩም…» አይባልም። ተሳቢ ከሌለም ይወጣል፦ «ሊስን!»፣ «ዌይት!»። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ሊስን ቱ!» ብሎ የማይጮኸው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ስትጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ክፈቱ

ለተማሪ የተዘጋጀውን ክፈቱ። የኦክስፎርድም የሎንግማንም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ከግሱ አጠገብ «ትራንዚቲቭ» የሚል ካለ ተሻጋሪ ነው፣ ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል። «ኢንትራንዚቲቭ» ካለ ኢተሻጋሪ ነው፣ ተሳቢ ለማምጣት መስተዋድድ ያስፈልገዋል። መስተዋድዱ የትኛው እንደሆነ ከሥር በደማቅ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ምልክት ካለ ምሳሌዎቹን አንብቡ፣ ደረጃ 4 ላይ ያየነው ዓይነት ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታው መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። «ዌይት፦ ጠበቀ» ብሎ ያልፋችኋል።

መልመጃ

መልሱን ሳታዩ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው።

1. ስለ ክፍያው ነገ እንወያያለን።
2. ፒያሳ ላይ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው።
3. እህቴ ከኮምቦልቻ ልጅ ጋር ተጋባች።
4. የሒሳቡን ጥያቄ አስረዳኝ።
5. ማንን ነው የምትፈልጊው?
6. ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ተነሱ።
7. ማታ ቤት ደረስን።
8. ሐኪሙ ጥያቄዬን መለሰልኝ።

መልስ፦ 1. «ዊ ዊል ዲስከስ ዘ ፔይመንት ቱሞሮ።» 2. «አይ አም ዌይቲንግ ፎር አ ታክሲ አት ፒያሳ።» 3. «ማይ ሲስተር ሜሪድ አ ማን ፍሮም ኮምቦልቻ።» እዚህ ያለችው «ፍሮም» የግሱ አይደለችም፣ ልጁ የት አገር እንደሆነ የምትናገር ናት። 4. «ኤክስፕሌን ዘ ማትስ ኩዌስችን ቱ ሚ።» 5. «ሁ አር ዩ ሉኪንግ ፎር?» 6. «ዜይ ሌፍት ፎር አዲስ አበባ ኢን ዘ ሞርኒንግ።» 7. «ዊ አራይቭድ ሆም ኢን ዘ ኢቭኒንግ።» 8. «ዘ ዶክተር አንሰርድ ማይ ኩዌስችን።» ስምንተኛው ላይ «አንሰርድ ቱ» ካላችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ስድስተኛው ላይ «ፎር»ን ከረሳችሁ ሰዎቹን ከአዲስ አበባ አስወጥታችኋቸዋልና ደረጃ 4ን እንደገና አንብቡ።